ዘር ማስቀረት ብቻውን አትክልትን ከአካባቢ ጋር አያላምድም

በ2020 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ፣ በተለያዩ አገሮች የአትክልት ዘር ሻጮች ትእዛዙ ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ለጊዜው መቀበል እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ኬምቻይና በ2017 ሲንጀንታን፣ ቤየር ደግሞ በ2018 ሞንሳንቶን ጠቅልለው ስለነበር፣ የዓለም የዘር ንግድ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ እየገባ ነው የሚለው ስጋት ቀድሞውንም ተቀስቅሷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ጓሮ አትክልት በሚነሳ ወሬ ውስጥ አንድ ምክር ይደጋገማል፦ ዘር አትግዙ፣ ከራሳችሁ አትክልት አስቀሩ፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ተክሉ አፈራችሁንና አየራችሁን ይለምዳል።

የምክሩ የመጀመሪያ ክፍል ደህና ነው። ሁለተኛው ግን ለአንዳንዱ አትክልት እውነት፣ ለአንዳንዱ ባዶ ተስፋ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው የአትክልተኛው ትጋት ብቻ አይደለም። የተክሉ የአበባ ጠባይ፣ በዘሩ ውስጥ ያለው የዘረመል ልዩነትና ለዘር የሚተዉት ተክሎች ቁጥር ከትጋቱ እኩል ይወስናሉ።

የተገዛ ዘር መካን ነው?

ውይይቱን ከሚያደናግሩት አባባሎች አንዱ «ከገበያ የተገዛ ዘር ልጁ አይበቅልም» የሚለው ነው። አባባሉ ከባዶ አልተነሳም። በመጋቢት 1998 ዴልታ ኤንድ ፓይን ላንድ የተባለ የአሜሪካ የጥጥ ዘር ኩባንያና የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት፣ ቀጣዩ ትውልድ ዘር እንዳይበቅል ለሚያደርግ ቴክኖሎጂ በጋራ የፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) አገኙ። ተቃዋሚዎቹ «ተርሚኔተር» ያሉት ይህ ቴክኖሎጂ ግን ገበያ ላይ አልዋለም። በ2000 የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች በመስክ እንዳይሞከርና እንዳይሸጥ የሚመክር ውሳኔ አሳለፉ፤ ዛሬ በፓኬት የሚሸጥ የአትክልት ዘር ይህ የለበትም።

በተግባር የሚያጋጥመው ድቅል ዘር ነው፤ በፓኬቱ ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ድቅል ማለት ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ እየተዳቀሉ የጠሩ ሁለት መስመሮች ተዳቅለው የሚሰጡት የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ዘረመሉ በቤተ ሙከራ ከተለወጠ (ጂኤምኦ) ሰብል ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል እንጂ አንድ አይደለም። የኤፍ ዋን ተክሎች እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ። ከእነሱ የሚወሰደው ዘር፣ ማለትም ኤፍ ቱ፣ ይበቅላል፤ ነገር ግን መልኩ ይበታተናል። ሁለቱ ወላጆች በ5 የዘረመል ቦታዎች ቢለያዩ በአምስቱም ቦታ እንደ ኤፍ ዋኑ ድቅል ሆኖ የሚገኘው ልጅ በአማካይ ከ32 አንዱ ነው። በ10 ቦታ ቢለያዩ ከ1,024 አንዱ ይሆናል። ያንኑ ፍሬ ደግሞ ማግኘት ለሚፈልግ ይህ ኪሳራ ነው፤ ከታች እንደሚታየው ግን ለመምረጥ ለሚፈልግ ጥሬ ዕቃ ነው።

አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ። በሽንኩርት፣ በካሮትና በጥቅል ጎመን ቤተሰብ ብዙ ድቅል የሚመረተው የወንዴ ብናኝ የማታፈራ እናት ተክል በመጠቀም ነው፤ ጠባዩ ሳይቶፕላዝማዊ የወንዴ መካንነት ይባላል። በሽንኩርት ላይ በ1925 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ውስጥ በአንድ ተክል ታየ፤ የዛሬው የሽንኩርት ድቅል ዘር ኢንዱስትሪም በዚያ ላይ ተገነባ። ጠባዩ የሚወረሰው በእናት በኩል ብቻ ነው። ሥሩ ወይም ቅጠሉ የሚበላ አትክልት ፍሬ ማፍራት ስለማይጠበቅበት አዳቃዩ የወንዴውን ብቃት ለመመለስ ምክንያት የለውም። እንዲህ ያለ ድቅል ብቻውን ቢተከል አበባ በአበባ ሆኖም ዘሩ ባዶ ይቀራል። ለመለየት ገና የተከፈተውን አበባ በጥቁር ጨርቅ ማሸት ነው፤ የብናኝ ከረጢቶቹ የተኮማተሩ ከሆኑና ምንም ቢጫ ዱቄት ካልለቀቁ ለዘር አይሆንም።

መላመድ ከየት ይመጣል?

በ1903 ዴንማርካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ዮሃንሰን በቦሎቄ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ቦሎቄ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ከአንድ ንጹሕ መስመር ትልልቁንና ትንንሹን ፍሬ ለይቶ ዘራ፤ የልጆቻቸው አማካይ ክብደት ግን አንድ ሆነ። በመስመሩ ውስጥ የታየው የመጠን ልዩነት ከአፈር፣ ከብርሃንና ፍሬው ከተቀመጠበት ቦታ የመጣ እንጂ የሚወረስ አልነበረም። ለዛሬው አትክልተኛ ትርጉሙ ከባድ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ራሱን ሲያዳቅል የኖረ የድሮ የቲማቲም ዝርያ ውስጥ ከምርጡ ተክል እየለዩ ለ10 ዓመት ዘር ቢያስቀሩ የሚመረጥ የዘረመል ልዩነት ከሞላ ጎደል የለም። አልፎ አልፎ በድንገት የሚከሰት ለውጥ ወይም በንብ አማካይነት የሚደረግ ድቅያ ሊኖር ይችላል፤ በእሱ ላይ ግን ዕቅድ አይነደፍም።

ታዲያ ብዙ ሰው «ዘሬ ከተገዛው ይሻላል» ሲል ተሳስቷል ማለት አይደለም። በደንብ የበሰለና በዓመቱ የተሰበሰበ ዘር፣ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ዘር ይልቅ ፈጥኖና በኃይል ይበቅላል። እናት ተክሏ ያደገችበት ሁኔታም በዘሩ ላይ አሻራ ይተዋል፤ ለምሳሌ በሙቀት ወቅት የበሰለ የሰላጣ ዘር፣ በቀዝቃዛ ከበሰለው ይልቅ በሞቃት አፈር ውስጥ መብቀል ይችላል። ይህ የእናትነት ውጤት ነው፤ በዋናነት ለአንድ ትውልድ ይቆያል። ዘረመሉ ሳይለወጥ አሠራሩ ብቻ የሚለወጥበት ኤፒጄኔቲክ የሚባለው ክስተት በተክሎች ላይ መኖሩ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በጓሮ አትክልት ላይ ለብዙ ትውልድ የሚዘልቅ ጥቅም ያመጣል የሚለው ግን እስካሁን አከራካሪ ነው፤ የዘር ማስቀረት ዕቅድን በእሱ ላይ መመሥረት አያዋጣም።

ልዩነት ባለበት ግን ለውጡ ፈጣን ሊሆን ይችላል። ሃርላንና ማርቲኒ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች 11 የገብስ ዝርያዎችን በእኩል ቀላቅለው በ10 የተለያዩ ጣቢያዎች ዘሩ፤ በየዓመቱም ከመከሩ ላይ መልሰው ዘሩ። በ1938 ባሳተሙት ውጤት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየጣቢያው አንዳንዶቹ ዝርያዎች ሌሎቹን ውጠዋቸው ነበር፤ በአንዱ ጣቢያ የበላይ የሆነው በሌላው ጣቢያ ሊጠፋ ይችላል። ገብስም ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። ከዮሃንሰን ቦሎቄ የሚለየው አንድ ንጹሕ መስመር ሳይሆን ድብልቅ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ አተርና ፎሶልያ ላይ መላመድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ልዩነት ማምጣት አለበት። ፈጣኑ መንገድ ብዙ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘርቶ ለቦታው የሚስማማውን መያዝ ነው። ይህ ዝርያ መምረጥ እንጂ ዝርያን ማላመድ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዓመታት ልፋት ይበልጣል። ሁለተኛው መንገድ ከኤፍ ዋን ዘር ወስዶ ቢያንስ ከ30 እስከ 50 የኤፍ ቱ ተክሎችን ማሳደግና ከእነሱ መምረጥ ነው። ራሱን በሚያዳቅል ተክል ውስጥ ድቅልነቱ በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከ6 ትውልድ በኋላ ከመጀመሪያው የሚቀረው 64ኛው እጅ ብቻ ነው፤ ዝርያው ረጋ የሚባለውም ያኔ ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ በቆሎ፣ ስፒናችና ሽንኩርትን የመሳሰሉ ከሌላ ተክል ጋር የሚዳቀሉት ግን ድቅል ያልሆነ ዝርያቸው ውስጥም ልዩነት ይዘው ይኖራሉ። የ«ሁለትና ሦስት ዓመት» ተስፋ የሚሠራው፣ ከሠራ፣ በእነዚህ ላይ ነው።

ማን ከማን ጋር ይዳቀላል?

መዳቀልን የሚወስነው መልክ አይደለም፤ ሳይንሳዊው ዝርያ (ስፒሽስ) ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ኮልራቢ በመልክ ቢራራቁም ሁሉም ብራሲካ ኦሌራሲያ ናቸው። አብረው ካበቡ ይዳቀላሉ፤ ልጃቸውም እንደ ወላጆቹ አይጠቀለልም፣ አበባ ጎመንም አይሆንም። ቀይ ሥርና ቆስጣም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ብናኛቸውን ነፋስ ስለሚወስደው ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ዱባ በሚል ስም የሚጠሩት ደግሞ በተቃራኒው ቢያንስ ሦስት ዝርያዎች ናቸው፦ ኩኩርቢታ ፔፖ (ዝኩኒ እዚህ ውስጥ ነው)፣ ኩኩርቢታ ማክሲማ እና ኩኩርቢታ ሞስካታ። ከሦስቱ አንድ አንድ አድርጎ የተከለ ሰው ከጎረቤት ንብ በቀር ብዙም የሚያሰጋው የለም።

ርቀትን በተመለከተ መመሪያዎች ይለያያሉ። ለጓሮ የሚበቃው ግምት ለፎሶልያ፣ ለአተርና ለሰላጣ ከ3 እስከ 6 ሜትር፣ ለቲማቲም እስከ 10 ሜትር ነው። ቃሪያና በርበሬ ራሳቸውን ያዳቅላሉ ቢባልም ንብ በብዛት ያደባልቃቸዋል፤ ከ100 ሜትር በላይ ማራቅ ካልተቻለ ያልተከፈተውን እምቡጥ በስስ መረብ ከረጢት መሸፈን፣ ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን ማነቃነቅና ፍሬው ሲይዝ ከረጢቱን አንሥቶ በክር ምልክት ማድረግ ይሻላል። ባቄላ ከፎሶልያ ጋር እየተመደበ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በንብ የሚዳቀለው ከፊሉ ስለሆነ 3 ሜትር አይበቃውም። ለጎመን፣ ለካሮት፣ ለሽንኩርትና ለዱባ ከ800 ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይመከራል። ጎረቤት ባለበት ቦታ ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ስለዚህ ዱባን በእጅ ማዳቀል የተለመደ ነው። ማታ ላይ፣ በማግስቱ የሚከፈቱትን ቢጫ ማለት የጀመሩ ሴቴና ወንዴ እምቡጦች ጫፋቸውን በፕላስተር ማሸግ ነው። ጠዋት ከ2 ወይም 3 ወንዴ አበቦች ቅጠሉን ገፍፎ ብናኙን በሴቴዋ መሐል መቀባት፣ ከዚያም ሴቴዋን መልሶ ማሸግና ግንዷን ምልክት ማድረግ። ወንዴዎቹ ከሌላ ተክል ቢመጡ ይመረጣል። ሙቀቱ ከፍ ካለ በኋላ የተዳቀለ አበባ ብዙ ጊዜ ይረግፋል።

ዝኩኒና ዱባን በጥንቃቄ አለማዳቀል ከመልክ መበላሸት ያለፈ መዘዝ አለው። መራራ ከሆነ የዱር ወይም የጌጥ ዘመዳቸው ጋር ከተዳቀሉ፣ ልጆቻቸው ኩኩርቢታሲን የተባለ መርዛም ውህድ ሊያመርቱ ይችላሉ፤ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። በ2015 በጀርመን ሃይደንሃይም አንድ የ79 ዓመት ሰው በቤት የበቀለ መራራ ዝኩኒ ከበሉ በኋላ ሞተዋል። ከራስ ዘር የበቀለ ማንኛውም ዝኩኒ ከመቀቀሉ በፊት በጥፍር የምታህል ጥሬ ቁራጭ በምላስ ተቀምሶ መተፋት አለበት። መራራ ከሆነ ፍሬው ይጣላል፣ ተክሉ ይነቀላል፣ ከእሱም ዘር አይወሰድም።

ስንት ተክል ለዘር ይተው?

ጓሮ ላይ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ለዓመታት ስለማይታይም ይናቃል። ከሌላ ጋር በሚዳቀል አትክልት፣ ለዘር የተተዉት ተክሎች ቁጥር «ን» ቢሆን በየትውልዱ የሚጠፋው የዘረመል ልዩነት በግምት አንድ ሲካፈል ለ«ን» ሁለት እጥፍ ነው። 5 ጎመን ብቻ ለዘር ሲተው በአንድ ትውልድ 10 በመቶ ይጠፋል፤ በ5 ትውልድ ደግሞ 41 በመቶ ያህል። 50 ተክል ቢተው በ5 ትውልድ የሚጠፋው ከ5 በመቶ አይበልጥም። የጠፋው ልዩነት መላመድ ሊሠራበት የነበረው ዕቃ ራሱ ነው። በዚያ ላይ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ዘሩ ይመነምናል፤ በቆሎና ካሮት ይህን በቶሎ ያሳያሉ። ስለዚህ ለጎመን፣ ለካሮትና ለሽንኩርት ቢያንስ ከ40 እስከ 80፣ ለበቆሎ ከ100 እስከ 200 ተክል ይመከራል። ዱባና ኪያር ጥቂትም ቢሆኑ ይታገሣሉ፤ ቲማቲምና ፎሶልያ ከ5 እስከ 20 ይበቃቸዋል።

ትንሽ ጓሮ 80 ካሮት ለዘር ማቆየት ላይችል ይችላል። መፍትሔው ወይ የተወሰኑ ቤቶች አንድ ዝርያ ተከፋፍለው ማሳደግና ዘሩን መቀላቀል፣ ወይ በየሁለት ሦስት ትውልዱ ከውጭ የመጣ ዘር መጨመር ነው። ይህም ካልተቻለ ካሮትን ትቶ በቲማቲም መጀመር ይሻላል።

ሳይታወቅ የሚደረግ መረጣ

ዘር የሚያስቀር ሰው ሁሉ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው። ጥሩ ጥሩውን ሰላጣ በልቶ መጀመሪያ አበባ ያወጣውን ለዘር የሚተው ሰው፣ ቶሎ የሚያብብና ቶሎ የሚመር ሰላጣ እያራባ ነው። የመጀመሪያዎቹን የፎሶልያ ፍሬዎች በእሸቱ ለቅሞ የመጨረሻዎቹን ለዘር የሚያደርቅ ደግሞ የሚዘገየውን ዘር እያበዛ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የዘር ተክሎች መብላት ከመጀመሩ በፊት ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ አፈር ነው። ፍግ የበዛበት ጥግ ላይ ያለው ተክል ትልቅ የሆነው በዘሩ ላይሆን ይችላል። የነብራስካው የበቆሎ አዳቃይ ጋርድነር በ1961 ያስተዋወቀው ዘዴ ለጓሮም ይሠራል፦ መደቡ በእኩል ቁራጮች ይከፈላል፣ ከየቁራጩ የተሻሉት ይወሰዳሉ እንጂ ከመላው መደብ ምርጦቹ አይለቀሙም። 120 ጎመን ካለ በ12 ቁራጭ አሥር አሥር ተከፍሎ ከየቁራጩ 4 ቢመረጥ 48 የዘር ተክል ይገኛል፤ ቁጥሩም መረጣውም አንድ ላይ ተጠበቁ ማለት ነው።

የሚመረጠው ጠባይም ለውጤቱ ፍጥነት ይወስናል። የማበቢያ ጊዜ፣ ቀለምና አንዳንድ በሽታን የመቋቋም ጠባይ ተወራሽነታቸው ከፍ ያለ ነው፤ በጥቂት ትውልድ ይታያሉ። ጠቅላላ ምርት ግን በአየሩና በእንክብካቤው ብዙ ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ዓመት ያየነው ትልቅ ተክል የሚያወርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልታመመውን፣ በወቅቱ የደረሰውንና ጣዕሙ ደህና የሆነውን መያዝ፣ ግዙፉን ከማሳደድ ይበልጣል።

ከፍሬ እስከ ዘር

ለመብል የደረሰ ሁሉ ለዘር የደረሰ አይደለም። ቲማቲም ለመብል ሲደርስ ዘሩም ደርሷል። ኪያር ግን ከመብል ጊዜው በኋላ ተጨማሪ 5 ሳምንት ያህል ተክሉ ላይ ቆይቶ ቢጫ ወይም ቡናማ መሆን አለበት፤ ደበርጃን ድምቀቱን አጥቶ እስኪገረጣ፣ ቃሪያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ይጠበቃል። የበሰለ ዱባ ከተቆረጠ በኋላ ከ3 ሳምንት በላይ ሳይከፈት ቢቀመጥ ዘሩ ውስጡ መሙላቱን ይቀጥላል።

የቲማቲም ዘር ዙሪያውን ያለው ልጋግ ብቅለትን የሚከለክል ነገር ይዟል። ዘሩን ከነጭማቂው በማሰሮ አድርጎ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለበት ከ2 እስከ 3 ቀን ማብላላት ልጋጉን ይበላዋል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይቀንሳል። በቀን አንድ ሁለቴ ይማሰላል። ከዚያ ውሃ ጨምሮ የሚንሳፈፈውን ማፍሰስ፣ የሰመጠውን ማጠብና በሸክላ ወይም በወንፊት ላይ ማስጣት ነው፤ ወረቀት ላይ ከተሰጣ ይጣበቃል። ከ4 ቀን በላይ ከቆየ ዘሩ እዚያው ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ያ ዘር ቢደርቅም አይተርፍም።

ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት በብዛት የሁለት ዓመት ተክሎች ናቸው። ለማበብ በተለምዶ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለሳምንታት፣ ለብዙዎቹ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ ይፈልጋሉ። ቅዝቃዜ በሌለበት ቦታ ጥቅል ጎመን ዓመት ቢቆይም አያብብ ይሆናል፤ ይህ የአትክልተኛው ድክመት አይደለም። ካሮትን በተመለከተ ሥሩን ነቅሎ አይቶ፣ ያልተሰነጠቀውንና ያልተጣመመውን መርጦ፣ ቅጠሉን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ መልሶ መትከል ዋናው መረጣ ነው። ሳይነቀል እዚያው የሚያብብ ካሮት ሥሩ ምን እንደሚመስል ማንም አላየም።

ማድረቅና ማቆየት

ዘርን የሚገድሉት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። ሃሪንግተን የተባለው የዘር ተመራማሪ ያወጣው ግምት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ያድጋል፣ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀንስም እንዲሁ። ግምቱ የሚያገለግለው የዘሩ እርጥበት ከ5 እስከ 14 በመቶ በሆነበት ክልል ነው። ከ12 በመቶ ወደ 7 በመቶ ያደረቀ ሰው የዘሩን ዕድሜ 32 ጊዜ አሳድጎታል ማለት ነው፤ ሙቀቱን ከ30 ወደ 10 ዲግሪ ማውረድ ግን 16 ጊዜ ብቻ። ከማቀዝቀዣ በፊት ማድረቅ ይቀድማል።

ዘር በጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይደርቃል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ወቅት ከዘሩ ክብደት እኩል የሆነ ደረቅ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ቅንጣት) ጋር በጥብቅ በተዘጋ ማሰሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ማቆየት ይረዳል። ፎሶልያ በመዶሻ ሲመታ መድቀቅ አለበት፤ ከተጠፈጠፈ አልደረቀም። የዱባ ዘር ሲታጠፍ ጠቅ ብሎ ይሰበራል። በደንብ የደረቀ ባቄላና ፎሶልያ በታሸገ ዕቃ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ቢቀመጥ ነቀዝ ከነእንቁላሉ ይሞታል፤ ያልደረቀ ዘር ግን በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ራሱን ዘሩን ይገድላል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ማሰሮ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አይከፈትም፤ አለዚያ ጤዛ ዘሩን ያረጥበዋል።

የሽንኩርት ዘር ከ1 እስከ 2 ዓመት፣ ካሮትና ፎሶልያ 3 ዓመት፣ ጎመንና ቀይ ሥር 4፣ ቲማቲምና ኪያር 5 ዓመት ገደማ በመደበኛ ሁኔታ ይቆያሉ። የብቅለት ፍተሻ ላይ 10 ዘር በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ 7 ከበቀለ «70 በመቶ» ማለት የተለመደ ነው፤ በ10 ዘር ናሙና ግን እውነተኛው ቁጥር ከ35 እስከ 93 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ዘር ካልጠፋ 50 መፈተሽ ይገባል።

በዘር የሚጓዝ በሽታ

የዘር ኩባንያዎችና የዕፅዋት ጤና ባለሙያዎች ዘር መለዋወጥን የሚቃወሙበት ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። የሰላጣ ሞዛይክ ቫይረስ፣ የፎሶልያ ሞዛይክ ቫይረስና አንትራክኖስ፣ የጎመን ጥቁር ብስባሽና የቲማቲም የባክቴሪያ ካንከር በዘር ይተላለፋሉ። የፍሬ ቡናማ መሸብሸብ የሚያስከትለው የቲማቲም ቶባሞቫይረስ በመካከለኛው ምሥራቅ ከታወቀበት ከ2014 እና 2015 ወዲህ በዘርና በችግኝ ንግድ ወደ ብዙ አህጉራት ተዛምቷል። ይህኛው በኩባንያዎች ዘርም ተጉዟል፤ ስለዚህ ክርክሩ በሁለቱም ወገን ይቆርጣል።

ከታመመ ተክል ዘር አለመውሰድ የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ሁለተኛው ሙቅ ውሃ ነው፦ ዘሩን በስስ ጨርቅ ቋጥሮ መጀመሪያ በ38 ዲግሪ ውሃ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ለቲማቲምና ለጥቅል ጎመን በ50 ዲግሪ 25 ደቂቃ፣ ለብሮኮሊና ለካሮት በ50 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ለቃሪያ በ51 ዲግሪ 30 ደቂቃ ማቆየትና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ። አስተማማኝ ቴርሞሜትር ከሌለ አይሞከርም፤ 2 ዲግሪ ቢያልፍ ዘሩ ይሞታል፣ 2 ዲግሪ ቢጎድል በሽታው ይተርፋል። ባቄላ፣ አተርና ዱባን የመሰለ ትልቅ ዘር አይችለውም፣ ቫይረስንም በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1961 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዩፖቭ፣ የአዳዲስ የዕፅዋት ዝርያ አዳቃዮችን መብት የሚያስጠብቅ ዓለም አቀፍ ኅብረት ነው። በ1991 የተሻሻለው ስምምነት አንቀጽ 15፣ ለግልና ለንግድ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ አጠቃቀምን ከአዳቃዩ መብት ውጭ ያደርጋል፤ ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ዘር እንዲያስቀር መፍቀድን ግን ለየአገሩ ምርጫ ትቶታል። ደጋፊዎቹ ያለዚህ ጥበቃ አዲስ ዝርያ የሚያወጣ አይኖርም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አዳቃዮቹ ራሳቸው የተነሡት ገበሬዎች በነጻ ካቆዩት ዘር ነው ብለው ይመልሳሉ። በ2001 የጸደቀውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 9 የገበሬዎችን መብት ዕውቅና ሰጥቷል፤ በ2018 የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው የገበሬዎች መብት መግለጫም የዘር መብትን ጠቅሷል፣ ግን አስገዳጅ አይደለም። በተግባር ለቤት ዘር ማስቀረት የሚከለከለው ከስንት አንዴ ነው፤ ጥያቄ የሚነሣው ሲሸጥ፣ በስጦታ ሲሠራጭ ወይም ዝርያው ፓተንት ሲኖረው ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ፓኬቶች ላይ የሚታተም የፈቃድ ውል ማስቀረትን ራሱን ሊከለክል ስለሚችል ማንበብ ይገባል።

የት ያዋጣል?

ባለሙያ አዳቃዮች የሚሉት ሊደመጥ ይገባል፦ በሺህ የሚቆጠሩ ተክሎችን በብዙ ቦታ ፈትነው የሚያወጡትን ዝርያ፣ በ40 ተክል ጓሮ ማሸነፍ አይቻልም። በሽታን የመቋቋም ጠባይ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ኩባንያው የሚያወጣው ዝርያ ለሰፊ ገበያ የሚሆን ነው። ጥቂት ሰው የሚኖርበት ደጋ፣ ጨዋማ አፈር፣ ወይም ያለ ማዳበሪያና ያለ መርጨት የሚለማ መደብ ገበያው ስለማያዋጣ አይፈተንበትም። የጓሮ መረጣ የሚበልጠው እዚያ ላይ ነው፤ በተለይ ከሌላ ጋር በሚዳቀሉት አትክልቶች።

የዘር ባንክ ይህን ሥራ አይተካም፣ ይህ ሥራም የዘር ባንክን አይተካም። በየካቲት 2008 የተከፈተው የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ (በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች ላይ ዘር በቅዝቃዜ የሚጠበቅበት)፣ በሶርያ ጦርነት ከአሌፖ የተፈናቀለው የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ በ2015 ዘሩን ከዚያ መልሶ ሲያወጣ ጥቅሙ ታይቷል። በበረዶ ውስጥ ያለ ዘር ግን ባለበት ይቆማል፤ ከገባበት ዓመት በኋላ የመጣ በሽታንም ሙቀትንም አያውቅም። መደብ ላይ ያለው ዘር ያውቃል፣ ግን በአንድ መጥፎ ዓመት ሊጠፋ ይችላል።

አየር ንብረት የሚለዋወጥ መሆኑ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ያልተለመደ ዝናብ በዘነበበት ዓመት የተመረጠ ዘር ለቀጣዩ ደረቅ ዓመት ይጎዳ ይሆን? ይጎዳል፣ መረጣው ጠባብ ከሆነ። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች የየዓመቱን ዘር በሙሉ የማይዘሩት፦ ሲሶው በደንብ ደርቆ፣ ዓመቱና የወላጆቹ ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጣል። መረጣው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከሄደ ወይም ጎረቤት ያለው ጎመን ሳይታሰብ ካዳቀለው፣ ካለፈው ዓመት ማሰሮ ይመለሳሉ። ለሽንኩርት ይህ መጠባበቂያ ከሁለት ዓመት ስለማያልፍ በየዓመቱ መታደስ አለበት።